ሚዛን ቤት ሲደርስ ስታክ የሚያደርግ ፕሮግራም፦ የሙከራ ኮምፒውተር አዘገጃጀትና የትሬድ ቅድሚያ አሰጣጥ

ደሴ ላይ በተጻፈበት ላፕቶፕ ፕሮግራሙ ሽው ይላል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሚዛን ቤት ሲገባ ግን፣ ሲኖው ሚዛኑ ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ ደረሰኝ እየጠበቀ፣ ስክሪኑ ነጥቶ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ብሎ ቁጭ ይላል። ከኮዱ አንድ መስመር አልተነካም። የተለወጠው ማሽኑ ነው። የተጻፈው 8 ኮር፣ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ባለ 2 ኮር፣ ባለ 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ባለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ነው። 8 ኮር ላይ አራት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ የሥራ መስመሮች) የየራሳቸውን ኮር ይዘው ስለሚሮጡ ማን ይቅደም የሚባል ነገር የለም። 2 ኮር ላይ ግን ወረፋ አለ፤ ወረፋ ካለ ጸብም አለ።

እዚህ የምንሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ብልሽት ሚዛን ቤት ድረስ ሳትወርዱ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲታይ የሚያደርግ የሙከራ ኮምፒውተር ማዘጋጀት። ሁለተኛ፣ እዚያ ላይ እየለካችሁ የትሬዶቹን ቅድሚያ ማስተካከል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ መሞከሪያ ሳይኖር ቅድሚያ መቀያየር ግምት ነው።

ምሳሌያችን ዊንዶውስ ላይ በሲ ሻርፕ የተጻፈ የጭነት መኪና ሚዛን ፕሮግራም ነው። አራት ትሬዶች አሉት፦ ስክሪኑን የሚይዘው፣ ከሚዛኑ በሲሪያል ገመድ ክብደት የሚያነበው፣ ዳታቤዝ ላይ የሚመዘግበው፣ ሪፖርትና ባካፕ የሚያዘጋጀው። የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን ስክሪን ላይ እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል።

ችግሩ በእርግጥ የቅድሚያ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ፕሮግራሙ ስታክ ባደረገበት ቅጽበት ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሲፒዩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ግራፉን ወደ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» ቀይሩት። ሁሉም ኮሮች 100 በመቶ አካባቢ ከተጣበቁ የሲፒዩ ሽሚያ አለ፤ ቅድሚያ ሊረዳ ይችላል። ሲፒዩው 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ሆኖ ስክሪኑ ከደረቀ ግን ትሬዱ ተራ አጥቶ ሳይሆን ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ዲስክ ወይም ሌላ ትሬድ የያዘው ሎክ (አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ)። የሚጠብቅ ትሬድ የፈለገውን ያህል ቅድሚያ ቢሰጠው መጠበቁን አይተውም።

ምን እንደሚጠብቅ ለማየት «ዲቴልስ» ውስጥ ፕሮግራሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «አናላይዝ ዌይት ቼይን»ን ምረጡ። አንዱ ትሬድ ሌላውን እየጠበቀ ከሆነ ሰንሰለቱ ይታያል። ከዚህ የበለጠ ማየት የሚፈልግ «ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር»ን ያውርድ። ፕሮግራሙ ላይ ሁለቴ ተጭናችሁ «ትሬድስ» የሚለውን ስትከፍቱ እያንዳንዱ ትሬድ የሚበላው ሲፒዩ ይታያል፤ አንዱን ስትመርጡም ቋሚ ቅድሚያውና በዚያ ቅጽበት ያለው ቅድሚያ ከታች ይወጣል።

ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ደግሞ ወደ ዳታቤዙ ሂዱ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚጨርሰው። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ እያንዳንዱን ምዝገባ ዲስኩ ላይ መድረሱን አረጋግጦ ስለሚያልፍ፣ በእንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ ከጥቂት ደርዘን ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ተቆጥሮ የሚጸና ምዝገባ) በላይ አይሄድም። 5,000 መስመር አንድ በአንድ የሚያስገባ ሪፖርት ከደቂቃ በላይ የሚፈጀው ለዚህ ነው። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልሉት፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ተራ አስከባሪው

ለትሬዶች የሲፒዩ ተራ የሚሰጠው የዊንዶውስ ስኬጁለር የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ልዩነቱ ይሉኝታ የሌለው መሆኑ ነው። ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 31 ናቸው። ከ1 እስከ 15 ያሉት የተራ ፕሮግራሞች፣ ከ16 እስከ 31 ያሉት «ሪልታይም» የሚባሉት ናቸው። የአንድ ትሬድ ቁጥር ከሁለት ነገር ይሠራል። ፕሮሰሱ፣ ማለትም የሚሮጠው ፕሮግራም፣ መነሻውን ይሰጣል፦ «ሎው» 4፣ «ቢሎው ኖርማል» 6፣ «ኖርማል» 8፣ «አበቭ ኖርማል» 10፣ «ሃይ» 13፣ «ሪልታይም» 24። ትሬዱ ራሱ በዚያ ላይ እስከ 2 ይጨምራል ወይም እስከ 2 ይቀንሳል። ኖርማል ፕሮሰስ ውስጥ ያለ «ሎወስት» ትሬድ 6፣ «ሃይየስት» የሆነው ደግሞ 10 ላይ ይሮጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የድርሻ መጠን አይደለም። 9 ያለው ትሬድ 8 ካለው «ትንሽ የበለጠ» ሲፒዩ አያገኝም፤ ሥራ እስካለው ድረስ ሁሌም እሱ ይቀድማል። አንድ ኮር ላይ 9 ያለው ትሬድ ያለ እረፍት የሚሽከረከር ሉፕ ከሆነ 8 ያሉት ሁሉ ጦማቸውን ያድራሉ። ዊንዶውስ ለዚህ አንድ መውጫ አስቀምጧል። በየሰከንዱ ወረፋውን እያየ ለ4 ሰከንድ ያህል ተራ ያጣ ትሬድ ካገኘ ለአጭር ጊዜ ወደ 15 ያነሳዋል። ይህን 4 ሰከንድ አስታውሱት፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

እኩል ቁጥር ያላቸው ትሬዶች ደግሞ በተራ ይሮጣሉ። የሰዓቱ ምት በተለመደው ፒሲ 15.6 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አንድ ተራ ሁለት ምት ይሰጠዋል። ከፊት ያለው መስኮት ፕሮግራም ሦስት እጥፍ ማለትም 90 ሚሊ ሰከንድ ግድም ያገኛል። ይህ «ፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ላይ «ፕሮግራምስ» ሲመረጥ ነው። አንድ ሰው «ባክግራውንድ ሰርቪስስ» ብሎት ከሆነ ተራው ለሁሉም እኩልና ረጅም ይሆናል። ሙከራው ማሽንና ሚዛን ቤቱ ያለው ማሽን እዚህ ላይ መመሳሰላቸውን አረጋግጡ።

የሙከራ ኮምፒውተሩ

ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ለተለያየ ሥራ።

ቀላሉ አፊኒቲ ነው፤ ፕሮግራሙ በየትኞቹ ኮሮች ላይ እንደሚሮጥ መወሰን። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴልስ» ላይ ፕሮግራሙን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ «ሴት አፊኒቲ» በሉና ከአንድ ኮር በስተቀር የሁሉንም ምልክት አንሱ። አራቱም ትሬዶች አንድ ኮር ላይ ይጋፋሉ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ብዙ ብልሽት እዚሁ ይጋለጣል። ጉድለቱ ሌሎች ፕሮግራሞች በቀሩት ኮሮች ላይ በነጻነት ስለሚሮጡ፣ ከውጭ የሚመጣውን ግፊያ አለማሳየቱ ነው።

ሁለተኛው ማሽኑን ራሱን ማሳነስ ነው። «ኤምኤስ ኮንፊግ»ን ክፈቱ፤ «ቡት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሉና «ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ 1 ወይም 2 ምረጡ፤ ሪስታርት አድርጉ። አሁን እውነተኛ ማሽን ላይ ባነሰ ኮር እየሠራችሁ ነው፤ የጊዜ ልኬት የሚታመነው እዚህ ላይ ነው። ሲያበቃ ምልክቱን አንሱ። ይህ ተረስቶ ላፕቶፑ «አረጀ» የሚባልበት አጋጣሚ ብርቅ አይደለም።

ሦስተኛው ቨርቹዋል ማሽን ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ አዲስ ማሽን ፍጠሩ፣ 1 ሲፒዩና 2 ጊጋ ራም ስጡት፤ ይህ ለ64 ቢት ዊንዶውስ 10 ዝቅተኛው ነው። ሚዛን ቤቶች ላይ ያለው አሁንም ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ 10 ስለሆነ፣ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር ቢያበቃም እዚያው ላይ ሞክሩ። ዊንዶውሱን ጫኑ፣ ፕሮግራሙን ከመጫናችሁ በፊት «ንጹሕ» የሚል ስናፕሾት (የማሽኑን ሙሉ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ) አንሱ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ወደ እሱ ተመለሱ። «ኤክስኪውሽን ካፕ» የሚለውን ወደ 40 በመቶ ዝቅ አድርጎ ደካማ ማሽን መምሰል ያጓጓል፤ ነገር ግን ውስጥ ያለውን ሰዓት ያዛባል። የቨርቹዋል ማሽኑ ሲፒዩ ራሱ በዋናው ኮምፒውተር ላይ አንድ ትሬድ መሆኑንም አትርሱ፤ ዋናው ሲጨናነቅ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ሳያውቀው ይቆማል። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽኑን የጠፋ መስመርና የሎክ መቆላለፍ ለመፈለግ ተጠቀሙበት እንጂ ሚሊ ሰከንድ አትለኩበት።

ከሶፍትዌሩ ውጭ ያለውንም አስተካክሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ዊንዶውስም የሲፒዩውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ግማሹ በመብራት ግማሹ በባትሪ የተለካ ሙከራ ዋጋ የለውም። ፕሮግራሙ በየደቂቃው «ፓወር ላይን ስታተስ» የሚለውን አንብቦ ሎጉ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ «ኦፍላይን» የሚል ቃል የታየበትን ሙከራ ጣሉት።

ሙቀት ሌላው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ አየሯ ወፈር ቢልም፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ፣ ፋኑ በእህል ብናኝ የታፈነ ዴስክቶፕ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልኬት ከመጀመራችሁ በፊት 15 ደቂቃ በሥራ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ማሽን ላይ የተለካ የመጀመሪያው ደቂቃ ሁሌም ያማረ ነው።

የዊንዶውስ አፕዴትን ለጊዜው አቁሙ። ብሮውዘር ክፍት መሆን አለመሆኑንም መዝግቡ። ከዊንዶውስ 10 የ2004 ቨርዥን በፊት በነበሩት ላይ አንድ ፕሮግራም የሰዓቱን ምት ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ካወረደው ለሁሉም ይወርድ ነበር። «ስሊፕ 1» (1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ) ያላችሁት ትሬድ ብሮውዘር ሲከፈት 1 ወይም 2፣ ሲዘጋ 15 ሚሊ ሰከንድ የሚሆንበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ሚዛን የሌለበት ሚዛን

የ60 ቶን ሚዛን ቢሮ ውስጥ አይገባም፤ የሚያስፈልገው ግን ከሚዛኑ የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት የዩኤስቢ ሲሪያል ገመዶችን በመስቀል ገመድ አያይዙ፦ የአንዱ 2ኛ እግር ከሌላው 3ኛ፣ 3ኛው ከ2ኛ፣ 5ኛው ከ5ኛ። አንዱ ላይ ላኪ ፕሮግራም፣ ሌላው ላይ የእናንተ ፕሮግራም ይቀመጣል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሆነ «ሲሪያል ፖርትስ» ውስጥ «ኮም 1»ን አብርታችሁ ሞዱን «ሆስት ፓይፕ» አድርጉት፤ ላኪው ከውጭ በፓይፑ ይጽፋል።

ላኪው በየ100 ሚሊ ሰከንዱ አንድ መስመር ይላክ። በክብደቱ ቦታ ላይ ተከታታይ ቁጥር አስገቡ፦ የመጀመሪያው 1 ኪሎ፣ ቀጥሎ 2 ኪሎ፣ ቀጥሎ 3። ከዳር ሲደርስ ከ4,211 ወደ 4,213 የዘለለ ካለ የጠፋው መስመር በቁጥሩ ይታወቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ላኪው ውስጥ «ስሊፕ 100» ብሎ መተው አይበቃም፤ ምቱ 15.6 ስለሆነ 109 ሚሊ ሰከንድ ይወጣዋል። በ«ስቶፕዎች» የደረሰበትን ጊዜ እያያችሁ ላኩ።

ቅድሚያውን መስጠት

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ትሬድ ስም ስጡ፦ «አንባቢ»፣ «መዝጋቢ»፣ «ሪፖርት»። ስም የሌለው ትሬድ ሎግ ላይ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሲያጣሩ መዋል ነው።

ቀጥሎ ዝቅ አድርጉ እንጂ ከፍ አታድርጉ። የቸኮለውን ትሬድ ማንሳት ሳይሆን ከባዱን ማውረድ ነው መፍትሔው። «ሪፖርት» ትሬድ ሲፈጠር «ፕራዮሪቲ» የሚለውን «ቢሎው ኖርማል» አድርጉት። ከ8 ወደ 7 ወረደ ማለት ነው። ሌሎቹን አትንኩ። ሙከራውን ድገሙ። አብዛኛው የቅድሚያ ችግር እዚህ ላይ ያልቃል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ከባዱ ሥራ ለማንም ችኩል አይደለም፤ ሪፖርቱ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም።

«አንባቢው ግን መቅደም የለበትም ወይ፣ ክብደት ቢጠፋስ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። በስሜት ሳይሆን በስሌት መልሱት። ሚዛኑ በ9,600 ቦድ (በሰከንድ 9,600 ቢት) ሲልክ አንድ ፊደል 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ ቢበዛ 960 ፊደል ይመጣል። የ«ሲሪያል ፖርት» ክላስ መቀበያ ቋት ካልነካችሁት 4,096 ነው። ሚዛኑ ያለ ማቋረጥ በሙሉ ፍጥነቱ ቢልክ እንኳ ቋቱ ለመሙላት 4.3 ሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። 18 ፊደል ያለው መስመር በሰከንድ 10 ጊዜ ከላከ ደግሞ በሰከንድ 180 ፊደል ብቻ ነው፤ ቋቱ የሚሞላው ከ22 ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ አንባቢው 22 ሰከንድ ሙሉ ተራ ካላጣ በስተቀር ምንም አይጠፋም። የሚጎዳው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነተኛው ወደኋላ መቅረቱ ነው፤ ሹፌሩ ከሚዛኑ ወርዶ ስክሪኑ ገና ክብደቱን ያሳያል። ልኬቱ ይህን ካሳየ ብቻ አንባቢውን በአንድ ደረጃ ወደ «አበቭ ኖርማል» ከፍ አድርጉት፤ እሱም የሚሠራው አንብቦ ወረፋ ውስጥ መጣል ብቻ ከሆነ ነው። መስመሩን መተንተን፣ ዳታቤዝ መንካት፣ ስክሪን ላይ መጻፍ ከአንባቢው ትሬድ ላይ ይውጣ።

ስክሪን ላይ መጻፍ ካልን፦ «ዳታ ሪሲቭድ» የሚለው ኢቨንት የሚነሳው በስክሪኑ ትሬድ ላይ አይደለም። ከዚያ ሆናችሁ ሌብል ላይ ቁጥር ልትጽፉ ብትሞክሩ ኤረር ይወረወራል። «ቢጊን ኢንቮክ» ተጠቀሙ፤ ሥራውን ለስክሪኑ ትሬድ ጥሎ ያልፋል። «ኢንቮክ» የስክሪኑ ትሬድ እስኪጨርስ አንባቢውን ያስቆመዋል፤ ስክሪኑ ደግሞ አንባቢው የያዘውን ሎክ እየጠበቀ ከሆነ ሁለቱም እስከ ነገ አይነቁም።

የስክሪኑን ትሬድ በፍጹም አትንኩት። መስኮት ያለው ትሬድ በማውስ ወይም በኪቦርድ ሲቀሰቀስ ዊንዶውስ ራሱ ለጥቂት ጊዜ በ2 ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

«ኢዝ ባክግራውንድ»ን ትሩ ማድረግ ቅድሚያን አይቀንስም። የሚለው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይህ ትሬድ እስኪጨርስ አይጠበቅ ነው። ባካፕ የሚጽፍ ትሬድ ላይ ካደረጋችሁት መስኮቱ ሲዘጋ ባካፑ መሃል ላይ ይቆረጣል።

በ«ታስክ ረን» የተነሳ ሥራ ላይ ቅድሚያ አትስጡ። ትሬዱ የጋራ ነው፤ ከ«አዌይት» በኋላም ሥራው በሌላ ትሬድ ላይ ሊቀጥል ይችላል። ቅድሚያ የሚያስፈልገው ሥራ የራሱ ትሬድ ይፈጠርለት።

«ሪልታይም»ን እርሱት። ከሲስተሙ ሥራዎች በላይ ስለሚሮጥ ማውስ ሊቆም፣ ዲስክ ላይ መጻፍ ያለበት ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። አስተዳዳሪ ያልሆነ ተጠቃሚ ሲመርጠው ደግሞ ዊንዶውስ ሳይናገር «ሃይ» ያደርገዋል፤ እናንተ ጋ አንድ፣ ደንበኛው ጋ ሌላ ነገር ይሮጣል ማለት ነው። ከታስክ ማናጀር የተሰጠ ቅድሚያም ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፤ «አስተካክዬው ነበር» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ነው።

የሲፒዩ ቅድሚያ ዲስኩን አይገዛም። «ቢሎው ኖርማል» የሆነ ባካፕ ሀርድ ዲስኩን ሲያንቀጠቅጥ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ለዚህ ትሬዱ ራሱ፣ ሥራውን ሲጀምር፣ የዊንዶውሱን «ሴት ትሬድ ፕራዮሪቲ» በ65536 ይጥራ፤ ሲጨርስ በ131072። በዚህ መካከል የሲፒዩም የዲስክም ቅድሚያው ይወርዳል። ሌላ ትሬድ ሊያደርግለት አይችልም። በዚያ መካከል ግን ሎክ አይያዝ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ሎክ ይዞ የተኛው

ሦስት ትሬዶች አስቡ። ዝቅተኛው «ሪፖርት» የክብደቶቹን ዝርዝር ሎክ ይዟል። ከፍተኛው «አንባቢ» ያንኑ ሎክ ፈልጎ ቆሟል። መካከለኛው፣ ዝርዝሩ ጋ ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ለምሳሌ ፒዲኤፍ የሚሠራ ትሬድ፣ ሲፒዩውን ይዟል። ሪፖርት ሎኩን ለመልቀቅ ተራ ያስፈልገዋል፤ መካከለኛው አያስጠጋውም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው አንባቢ ከሁሉ ኋላ ይሆናል። 1997 በአውሮፓ አቆጣጠር ማርስ ላይ ያረፈው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ሪሴት ያደርግ የነበረው በዚሁ ነው፦ የአየር ሁኔታ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ ሎክ ይዞ፣ መካከለኛው የመገናኛ ሥራ እየቀደመው፣ ከፍተኛው የመረጃ መስመር አስተዳዳሪ ቆሞ ቀረ። የዳነው ሎኩ የሚጠብቀውን ትሬድ ቅድሚያ ለያዡ እንዲያወርስ ተደርጎ ነው።

የሲ ሻርፕ ሎክ ቅድሚያ አያወርስም። የሚያድነን ያ 4 ሰከንድ ነው። ምልክቱም እሱ ነው፦ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ሳይሆን ለ4 ሰከንድ ግድም ደርቆ፣ ነቅቶ፣ እንደገና ለ4 ሰከንድ ከደረቀ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ጠርጥሩ። አንድ ኮር ላይ ሆን ብላችሁ ፍጠሩት፦ ሪፖርት ሎኩን ይዞ 200 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ስሌት ይሥራ፣ መካከለኛው ባዶ ሉፕ ይሽከርከር፣ አንባቢ የጠበቀበትን ጊዜ ይመዝግብ። በ8 ኮር ላይ አይታይም።

መድኃኒቱ ሎክ ውስጥ ያለውን ሥራ ማሳጠር ነው። ሪፖርት ሎኩን ይያዝ፣ ዝርዝሩን ይቅዳ፣ ይልቀቅ፤ ስሌቱን፣ ፋይሉን፣ ፕሪንተሩን ከሎኩ ውጭ በቅጂው ላይ ይሥራ። የ3,000 ክብደት ዝርዝር መቅዳት ከሚሊ ሰከንድ በታች ነው። ካልሆነም ዝርዝሩን ትታችሁ «ብሎኪንግ ኮሌክሽን» የሚባለውን ዝግጁ ወረፋ በመካከል አስገቡ፦ አንባቢ ይጥላል፣ መዝጋቢ ያነሳል፣ ማንም የማንንም በር አይይዝም።

ሙከራውን ማስኬድ

ስክሪኑ ላይ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ የሚነሳ ታይመር አስቀምጡ፤ ካለፈው መነሳቱ ጀምሮ ስንት እንደቆየ ይመዝግብ። የመስኮት ታይመር እስከ 55 ሚሊ ሰከንድ ስለሚዛነፍ ከ250 በታች ያለውን እለፉት። ከ250 በላይ የሆነው ሁሉ ተጠቃሚው የሚሰማው መንቀርፈፍ ነው፤ 5 ሰከንድ ከደረሰ ዊንዶውስ ራሱ ያነጣዋል።

ላኪውን ለ30 ደቂቃ አስኪዱ፤ 18,000 መስመር ይሆናል። አንዴ ያለ ሌላ ሥራ፣ አንዴ ሪፖርትና ባካፕ እየሮጡ፣ አንዴ በዚያ ላይ ብሮውዘር ተከፍቶ። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ። አማካዩን አትዩ፤ አማካይ ሁሌም ያምራል። ከአምስቱ የከፋውን ያዙ፣ የጠፋውን መስመር ቁጥርና ረጅሙን መንቀርፈፍ ብቻ። ከዚያ አንድ ነገር ቀይሩና ድገሙ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም፤ ያልረዳው ኮዱ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል።

ሲ ሻርፕ ላልሆነ

ጃቫ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፣ መካከሉ 5። ዊንዶውስ ላይ ግን አሥሩ ወደ አምስት ይታጠፋሉ፦ 1 እና 2 አንድ ናቸው፣ 9 እና 10 አንድ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ጃቫው በነባሪ ቅንብሩ ቁጥሩን ጭራሽ አይሰማም። ከ5 ወደ 6 ቀይሮ ለውጥ የሚጠብቅ በሁለቱም ላይ በከንቱ ይጠብቃል።

ፓይተን ለትሬድ ቅድሚያ የሚሰጥበት መንገድ የለውም። ከባዱን ሥራ ወደ ሌላ ፕሮሰስ አውጡትና ፕሮሰሱን «ቢሎው ኖርማል» አድርጋችሁ አስነሱት፤ ከ3.7 ጀምሮ «ሰብፕሮሰስ» ውስጥ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ፍላግ አለ።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ቅድሚያ በእርግጥ ድርሻ ነው። «ናይስ» የሚባለው የቅድሚያ ቁጥር ከ20 ኔጋቲቭ እስከ 19 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ድርሻው ያንሳል። 0 ያለው የድርሻ መለኪያው 1,024 ነው፣ 5 ያለው 335፣ 10 ያለው 110፣ 19 ያለው 15። አንድ ኮር ላይ 0 እና 10 ቢገናኙ ሲፒዩው 90 ለ10 ይከፈላል። ወጥመዱ «ሪናይስ» በፕሮሰስ ቁጥር ሲታዘዝ ዋናውን ትሬድ ብቻ መንካቱ ነው፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። «ቶፕ»ን ከፍታችሁ ትልቁን «ኤች» ብትጫኑ ትሬዶቹ በየራሳቸው መስመር ይወጣሉ፤ የ«ኤንአይ» ዓምድ ላይ ታዩታላችሁ። ቁጥሩን ማሳደግ ማንም ይችላል፤ መቀነስ ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

ኮምቦልቻ ሲደረስ

የቅድሚያዎቹን ዋጋ ኮዱ ውስጥ አትቅበሯቸው፤ ከፕሮግራሙ ጎን በሚቀመጥ የቅንብር ፋይል ውስጥ በየትሬዱ ስም ይቀመጡ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያነበበውን፣ የኮሩን ብዛትና የራሙን መጠን ሎጉ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ይጻፍ። የታይመሩን መዝገብም አታጥፉት፤ ከ250 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሆነውን ብቻ ስለሚጽፍ በቀን ጥቂት መስመር ነው።

ስትጭኑ ላኪውን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሚዛኑ ከመገናኘቱ በፊት በዚያው ኮምፒውተር ላይ 10 ደቂቃ አስኪዱት፣ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አስወጡ፣ ሎጉን አንብቡ። ቀጥሎ ሚዛኑን አገናኙና ባዶ ሚዛን ላይ ሰው አቁማችሁ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ስክሪኑ አብሮ መሄዱን እዩ፤ የመኪና ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ20 ኪሎ ስለሚዘል ሁለት ሰው ይቁም። ከሄዳችሁ በኋላ «ስታክ አደረገ» ተብሎ ሲደወል የሚዛን ቤቱ ሠራተኛ የቅንብር ፋይሉን ከፍቶ አንዱን ቃል እንዲቀይር በስልክ መንገር ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሎጉን በቴሌግራም ይላክላችሁ።